የስኪዞፍሬንያ ሕመምና በደም ውስጥ የሚገኙ ማዕድናት

ዚንክ፣ መዳብና ሴሌኒየም ሰውነት በጥቂቱ የሚሻቸው፣ ለአእምሮ ሥራ ግን አስፈላጊ የሆኑ ማዕድናት ናቸው። በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች በስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ደም ውስጥ ያለው ዚንክ ከጤነኞች በአማካይ ዝቅተኛ፣ መዳብ ደግሞ ከፍተኛ ሆኖ መገኘቱን ያመለክታሉ። ይሁንና ውጤቱ ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ ልዩነቱ የሕመሙ መንስኤ ይሁን የምግብ፣ የሲጋራ ወይም የመድኃኒት ውጤት አልተረጋገጠም።

በ2013 ዓ.ም ይፋ የሆነ ጥናት በአማራ፣ በኦሮሚያና በትግራይ ክልሎች የሚመረት እህል የሚይዘው የሴሌኒየምና የዚንክ መጠን ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። በመሆኑም እንደ ላስታ ባሉ ደጋማ አካባቢዎች የራሱን ምርት የሚመገብ ሰው በደሙ የሚታየው መጠን የማሳውን አፈር ሊያንጸባርቅ ይችላል። የላሊበላ ሕመምተኛ ዚንክ ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ የጤነኛ ጎረቤቱም እንዲሁ ሊሆን ስለሚችል ንጽጽሩ በአንድ አካባቢ ሰዎች መካከል መሆን ይኖርበታል።

ሕመሙ የሚለየው በሐኪም ምርመራ እንጂ በማዕድን ልኬት አይደለም። የመዳብ ምርመራ የሚያስፈልገው በዋናነት መዳብ በሰውነት የሚከማችበት የዊልሰን በሽታ ሲጠረጠር ነው።

በ1990ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ 68 ሺህ 378 ሰዎችን ባካተተ ጥናት ከ1 ሺህ ሰዎች 4.7 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው በስኪዞፍሬንያ መያዛቸው ተረጋግጧል። አብዛኞቹም ቀደም ሲል ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም። ስለሆነም በየወረዳው ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው መድኃኒቱ ሳይቋረጥ በጤና ጣቢያ እንዲገኝ ማድረግ፣ ጠበል የሚጠመቁ ሕሙማንም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ ከቤተሰብና ከአገልጋዮች ጋር መመካከር ነው። የማዕድን እጥረት የተገኘበት ሰው በእጥረቱ ምክንያት ይታከማል፤ ይህ ግን የአእምሮ ሕክምናውን አይተካም።