የመጀመሪያው ለቤተሰብ፣ ሁለተኛው ለራስ

ባለፈው የወር ስብሰባችን ቡና እየጠጣን ለአንዷ አባላችን ልጅ ሽማግሌ እንደ ተላከ ስንጫወት፣ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት እናታችን ታሪካቸውን ነገሩን። የመጀመሪያ ባላቸውን ያዩት በሠርጋቸው ዕለት ነው፤ ሁለተኛውን ግን ራሳቸው መረጡት። ሁላችንም ሳቅን። የእሳቸው ታሪክ ግን የብዙ የደጋ አማራ ሴቶች ታሪክ ስለሆነ በዚህ እትም ልንጽፈው ወደድን።

በቀድሞው ልማድ የመጀመሪያ ጋብቻ የሁለት ቤት ጉዳይ ነበር። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ የሴቷ አባት በአንድ ጊዜ እሺ አይልም። በዚህ መሐል ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ይቀራል። ከዚያ አጥንት ይጠየቃል፣ መሬት ይታያል፤ ለአዲሱ ጎጆ ማን ስንት ከብት እንደሚሰጥ ክርክር ይነሣል። ይህ ሁሉ ተቆጥሮ ሲያልቅ ሳትጠየቅ የምትቀረው ልጅቷ ናት። ለነገሩ ሙሽራውም ቢሆን እምብዛም አይጠየቅም ነበር።

ሆኖም ቁርባን የቆረቡ ባልና ሚስት መፋታት ስለማይችሉ ብዙው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነበር። ሰማንያ በዋስ ታስሮ በሽማግሌ ፊት ይፈታል። ሴቲቱም ድርሻዋን ይዛ ትወጣለች። ወዴት ትሄዳለች? ወደ ወላጆቿ አገር ነዋ! በርስት ሥርዓት ሴት ልጅ በእናቷም በአባቷም በኩል መሬት የመውረስ መብት ነበራት። ሞፈር የሚጨብጥላት ወንድ መፈለጓ ባይቀርም መመለሻ አላት። መመለሻ ያላት ሴት ደግሞ ሁለተኛውን ባል አይታ፣ አመዛዝና ትመርጣለች። እቴጌ ጣይቱም በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን በቁርባን ከማግባታቸው በፊት ሌሎች ትዳሮችን አይተው ነበር፤ ይህም እቴጌ ከመሆን አላገዳቸውም።

ያለፈውን ዘመን ግን አናሞግሰውም። ርስት ያልነበራት ብዙ ናት፤ በልጅነቷ የተዳረችውና የተጠለፈችውም እንዲሁ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተጋቢዎቹን ፈቃድ ቢጠይቅም ለሴት ልጅ 15 ዓመት በቂ ነው ብሎ ነበር፤ 18 ያደረገው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው።

ስለ መሬት ሲነሣ ግን የምናስበው ሌላ ነገር አለ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነጻ ሲያወጣ ርስትንም አስቀረ። ከዚያ በኋላ መሬት በብዙ ቦታ የተደለደለው በአባወራው ስም ስለነበር፣ ፈትታ የወጣች ሴት ወደ ወላጆቿ ቀበሌ ብትመለስ የሚጠብቃት መሬት አልነበረም። ዘግይቶ በአማራ ክልል የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር፣ ያች የጠፋች መመለሻ በከፊልም ቢሆን ተገኘች።

እናታችን ጨዋታቸውን ሲጨርሱ ስለ ልጅቷ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስሟ የተቀመጠ ገንዘብ አላት ወይ? አላት፤ ከእኛው ጋር መቆጠብ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሽማግሌዎቹ ለጥር ተቀጥረው ሄደዋል። ልጁን ግን ከዚያ በፊት እሷው ራሷ ልታነጋግረው ነው፤ እናቷም ፈቅዳለች።