የደቻቱ ሌሊትና የልጆቻችን ስንቅ



ድሬዳዋን የመሠረታት ባቡር ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ቦታውን የመረጠው ተራራው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ። ከተማዋም በደቻቱ ግራና ቀኝ አደገች፤ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። ደቻቱ ደግሞ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ መንገደኛ ያቋርጠዋል፣ ነጋዴ ሸቀጡን ይዘረጋበታል። ወንዝ መሆኑ ትዝ የሚለን በደንገጎ በኩል ሲዘንብ ነው።

እኛ የቢዮ አዋሌ ሰዎች ያለነው በተራራው ወገን ነው። ቢዮ በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ያወቁት ነገር ነበር። ዝናቡ የተራቆተው ቁልቁለት ላይ ሲወርድ መሬቱ አይመጠውም፣ አፈርና ድንጋይ ይዞ ወደ ታች ይሮጣል። ከታች ያለው ሰው ጠብታ ሳይነካው ጎርፉ ደጁ ይደርሳል።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት የሆነው ይኸው ነው። ደቻቱ ሰው ተኝቶ ሳለ ሞልቶ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ብዙም ሳይቆይ ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ሌሎች ብዙዎችን ወሰደ፤ ያ ክረምት ለአገሪቱ በሙሉ ከባድ ነበር።

ከዚያ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ጥሩ ሥራ ነው። ሆኖም «አሁን ግንብ አለ» የሚለውን አባባል አልወደውም። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ እንደገና መጥቶ ሰው ገድሏል። ግንብ ውሃ ይመልሳል እንጂ ልጅ ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም።

በሙያዬ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን በመዝገብ በኩል አየዋለሁ። እድራችንም ሆነ አፎሻችን ድንኳን አለው፣ ድስት አለው፣ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ ገንዘብ አለው። ባትሪ ግን የለውም። ገንዘባችን ሁሉ የተመደበው ሰው ከሞተ በኋላ ላለው ጊዜ ነው። ይህን ስል እድርን ለማቃለል አይደለም፤ ያለ እሱ ቀብራችን ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

አያቶቻችን ግን ለቀድሞውም መድበው ነበር። ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት በሶና ድርቆሽ ተሸክሞ ነው የሄደው፤ ያን ስንቅ ያዘጋጁት በየቤቱ ያሉ ሴቶች ናቸው። በእኛ በሐረርጌ ደግሞ ገበሬው ማሽላውን በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ይቀብራል፣ ለክፉ ቀን። ልጅ ገብሱን ሲቆላ፣ ጉድጓዱን ሲያለብስ አብሮ ይውላል። ትምህርት ተብሎ ስም አልወጣለትም እንጂ ትምህርት ነበር።

ከሩቅ አገርም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በኢንዶኔዥያ ሲሙሉዌ የምትባል ደሴት አለች። በ1899 ዓ.ም. ግድም የባሕር ማዕበል ብዙ ሰው ጨረሰባት። የተረፉት ለልጆቻቸው፣ ልጆቹም ለልጆቻቸው ታሪኩን እያወሩ ኖሩ፤ መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠና ባሕሩ ከሸሸ ምንም ሳትይዝ ወደ ኮረብታ ሩጥ የሚል ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ታላቁ ማዕበል ሲመጣ ከ78 ሺህ ገደማ ነዋሪ የሞቱት 7 ብቻ ናቸው። መሣሪያ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የአያት ወሬ ነው።

እኛስ ለልጆቻችን ስለ 1998 ምን እንነግራቸዋለን? ብዙዎቻችን ዝም ነው የምንለው። አንዳንድ እናቶች «ልጆቹን ታስፈራሪያቸዋለሽ» ይሉኛል። ስጋታቸው ይገባኛል፤ በተለይ ዘመድ የቀበረች እናት ስትናገረው። ግን ልጅ የሚፈራው የማያውቀውን ነው። ቤቴ ውስጥ ነገሩን እንደ ጨዋታ ነው የያዝነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሶ እናዘጋጃለን፣ ጀሪካኑን እናጥባለን። የልደት ካርድ፣ መታወቂያና የቁጠባ ደብተር በፌስታል ተጠቅልለው አንድ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ትንሿም ሳትቀር ቦታውን ታውቃለች። የስልክ ቁጥሬን በዜማ ነው የያዘችው፣ አንዳንዴ እንግዳ ፊት ሁሉ ትዘምረዋለች። ሲመሻሽ ወደ ከፍታው በእግር እንወጣለን፤ ማን የማንን እጅ እንደሚይዝ አስቀድሞ ተነግሯል። ወራጅ ውሃ ጉልበት ላይ ከደረሰ አዋቂ ሰውም ይጥላልና፣ ደብተር ቢወድቅ ጫማ ቢወሰድ ተመልሶ መግባት የለም።

ከሁሉ የበለጠ የምወደው ግን ስልኩ ነው። ከላይ ሲጠቁር ትልቁ ልጄ ከተማ ላለችው አክስቱ ይደውላል፤ «አክስቴ፣ እዚህ ዘንቧል» ይላታል። ወጪው የአንድ ደቂቃ ጥሪ ነው። ከላይ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ከታች ላለው ዘመዱ ቢደውል ከተማው ስንት ደቂቃ እንደሚያገኝ አስቡት።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ከማኅበራዊ ፈንዳችን ላይ ለእያንዳንዱ አባል ቤት አንድ ባትሪ እንዲገዛ፣ ልጆቻችንም አንድ ቅዳሜ አብረው ወደ ከፍታው እንዲወጡ ሐሳብ አቀርባለሁ። የወጪውን ስሌት ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዤ እመጣለሁ።