ስለ ንብ፣ ስለ ሻማ፣ ስለ ሐበሻ፦ የትንንሽ ኪታቦች ትልቅ ውለታ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንድ ጓደኛችሁ «ስለ መፋቂያ እንጨት ዓይነቶች እየጻፍኩ ነው» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ሌላው ስለ ርግብ፣ ሌላው ስለ ንብ፣ ሌላው ደግሞ ስለ ሰፈሩ ገበያ ቢጽፍስ? ብዙዎቻችን «ስንት ቁም ነገር እያለ!» ብለን ስቀን የምናልፍ ይመስለናል። በዛሬው ጽሑፋችን እንዲህ ዓይነት ሰዎች በእስልምና ታሪክ ውስጥ ምን እንደሠሩ እንቃኛለን። ጉዳዩ መጨረሻ ላይ ወደ እኛው ደጅ ይመጣል። ስለ ኢፋት ሱልጣኖች ዛሬ ከምናውቀው ውስጥ ብዙው የተገኘው አንድ ዓሊም በራሳቸው ጉጉት ተነሳስተው ከጻፉት ትንሽ ኪታብ ነውና።

የመጽሐፍ ነጋዴው መዝገብ

ከባግዳድ እንጀምር። በ377 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ987 አካባቢ) ኢብኑ ነዲም የተባሉ ሰው «አል-ፊህሪስት» የሚባለውን መዝገብ አዘጋጁ። ኢብኑ ነዲም ወራቅ ነበሩ። ወራቅ በዚያ ዘመን መጻሕፍትን የሚያስገለብጥና የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሰውየው በእጃቸው ያለፈውን፣ በዓይናቸው ያዩትንና ከታመነ ሰው የሰሙትን የዐረብኛ መጽሐፍ ሁሉ ከነጸሐፊው ለመመዝገብ ተነሱ። መዝገቡንም በአሥር ክፍል ከፈሉት።

የመዝገቡ መጀመሪያ ማንኛችንም የምንጠብቀው ነው፤ ስለ ቁርኣን፣ ስለ ነሕው፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ፊቅህና ሐዲስ የተጻፉ ኪታቦች በየተራ ይዘረዘራሉ። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ዓለም ይከፈታል። ስለ ፈረስ ግልቢያና ስለ ጦር መሣሪያ አያያዝ፣ ስለ ከብት ሕክምና፣ ስለ አደን አሞራዎች፣ ስለ ሽቶ አሠራር፣ ስለ ምግብ አበሳሰል፣ ስለ ሕልም ፍቺ፣ ስለ መርዝ ሳይቀር የተጻፉ መጻሕፍት ተመዝግበዋል። ኢብኑ ነዲም የመዘገቡትን ሁሉ ደግፈው አልነበረም። ሰው የጻፈው ነገር ስሙ እንዳይጠፋ ግን ፈልገዋል።

የሚያሳዝነው ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚያ መዝገብ ውስጥ ካሉት መጻሕፍት እጅግ ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። የቀረን ስማቸው ብቻ ነው።

የወደዱትን ነገር የጻፉ ሰዎች

ከተረፉት ጥቂቱን እንይ። የበስራው አል-አስመዒይ፣ በሦስተኛው ክፍለ ዘመነ ሂጅራ መጀመሪያ ያለፉ የቋንቋ ሊቅ ናቸው። ከበረሃ ዐረቦች አንደበት ቃላትን ለቅመው ስለ ፈረስ ለብቻ፣ ስለ ግመል ለብቻ፣ ስለ በግና ፍየል ለብቻ ኪታብ ጻፉ። የግመል ዕድሜ በየደረጃው፣ የቀለሟ ዓይነት፣ የአካሏ ክፍል ሁሉ የየራሱ ስም ነበረው። እረኛው ያውቀዋል እንጂ አይጽፈውም። አል-አስመዒይ ጻፉለት። የጥንቱን ዐረብኛ ለመረዳት የሚደክሙ ሰዎች እስከ ዛሬ ከእነዚያ ኪታቦች ይጠቀማሉ።

ሌላው የበስራ ሰው አል-ጃሒዝ ናቸው፤ በ255 ዓመተ ሂጅራ አለፉ። በልጅነታቸው ዳቦና ዓሣ እየሸጡ እንደኖሩ ይነገራል። የመጽሐፍ ሱቆችን ተከራይተው ሌሊቱን ሲያነቡ ያድሩ እንደነበርም ይወራላቸዋል። «የእንስሳት መጽሐፍ» በተባለው ሰፊ ሥራቸው ውስጥ የውሻ ወዳጅና የአውራ ዶሮ ወዳጅ ረጅም ክርክር ያደርጋሉ። ርግብ አርቢዎች ስለ ርግቦቻቸው የሚያወሩት፣ ጉንዳን እህል የምታከማችበት መንገድ፣ የዝንብ ጠባይ ሳይቀር ገብቶበታል። የሳቸው ሐሳብ በትንሿ ፍጥረት ውስጥ የፈጣሪን ጥበብ ማሳየት ነበር።

አቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪይ ደግሞ አሉ፤ ከታላቁ ኢማም አቡ ሐኒፋ ጋር እንዳታምታቷቸው። እሳቸው ያለፉት በ282 ዓመተ ሂጅራ ነው። ስለ ዕፅዋት የጻፉት ትልቅ ኪታብ በሙሉ አልደረሰንም፤ በተረፈው ክፍል ውስጥ ግን ስለ ንብና ስለ ማር፣ ቀስትና ፍላጻ ስለሚሠራባቸው እንጨቶች፣ እንዲሁም ስለ መፋቂያ እንጨቶች የተጻፉ ምዕራፎች አሉ። አዎ፣ መግቢያችን ላይ የሳቅንበት የመፋቂያ ጸሐፊ እሳቸው ናቸው። ሱናው ሲዋክ መጠቀም ከሆነ፣ ከየትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ ማወቅ እንዴት ትንሽ ነገር ይሆናል?

የካይሮው ሰውዬና ሻማዎቹ

አሁን አምስት ክፍለ ዘመን ያህል ወደፊት ተሻግረን ወደ ካይሮ እንሂድ። ተቂዩዲን አል-መቅሪዚ እ.ኤ.አ. በ1364 አካባቢ ተወልደው በ1442 ያለፉ የታሪክ ዓሊም ናቸው። የካይሮ ሙሕተሲብ ሆነው ሠርተዋል፤ ማለትም ገበያውን፣ ሚዛኑንና ዋጋውን ይቆጣጠሩ ነበር። ትልልቅ የታሪክ ሥራዎች አሏቸው። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ደስ ያላቸውን ወይም ያሳሰባቸውን አንድ ነገር ይዘው ትንንሽ ኪታቦችን ይጽፉ ነበር። አንዱ ስለ ገንዘብ ነው፣ አንዱ ስለ ሚዛንና ስፍር፣ አንዱ ሐጅ ስላደረጉ ኸሊፋዎችና ነገሥታት፣ አንዱ ስለ ረሃብና ኑሮ ውድነት። አንዱ ደግሞ በቁርኣን ውስጥ ሱራ ስለተሰየመላት ስለ ንብ ነው።

ስለ ካይሮ በጻፉት ሰፊ መጽሐፍም መንገዱን፣ መስጊዱን፣ ገበያውን እየዞሩ መዝግበዋል። የሻማ ገበያው ሱቆች እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት እንደነበሩ፣ በረመዷን ትልልቅ ሻማዎች እየተሸጡና እየተከራዩ ሰዉ ለተራዊሕ ይዟቸው ይወጣ እንደነበር ያወሩናል። ያንን ገበያ እየሞተ ሳለ ነው የጻፉት። ዛሬ የዚያን ዘመን የረመዷን ሌሊት በዓይነ ኅሊናችን የምናየው አንድ ሰው «ይህም ይጻፍ» ስላሉ ነው።

ስለ እኛ የተጻፈችው ኪታብ

በ839 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1435/36) አል-መቅሪዚ መካ ነበሩ። መካ ያኔም እንደ ዛሬው የዓለም ሙስሊም የሚገናኝባት ናት። እዚያ ከሐበሻ ምድር የመጡ ሰዎችን አገኙ። ሌላው ሰው ሰላም ብሎ ያልፋቸዋል፤ እሳቸው ግን ጠየቁ። አገራችሁ ምን ትመስላለች? ምን ትበላላችሁ? ሱልጣናችሁ ማን ነው? ከሱ በፊትስ ማን ነበር? የሰሙትንም ጻፉ፤ ስሟም «አል-ኢልማም» ሆነ። የሙሉ ርዕሷ ሐሳብ «በሐበሻ ምድር ስላሉት የእስልምና ነገሥታት ዜና» የሚል ነው።

ከሳቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ1349 ያለፉት አል-ዑመሪ፣ ካይሮ መጥተው ከነበሩት ሸይኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒይ ሰምተው ሰባቱን የሙስሊም ግዛቶች መዝግበው ነበር፦ ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሊና ዳራ። አል-መቅሪዚ ከዚያ ወሰዱ፤ በላዩም የራሳቸውን ዘመን ጨመሩበት። የወላስማዕ ሱልጣኖችን ተራ፣ የሱልጣን ሰዕደዲንን በዘይላ መገደል፣ የልጆቻቸውን ወደ የመን መሻገርና መመለስ በቅደም ተከተል አስቀመጡ።

ስለ ሱልጣን ጀማሉዲን ፍትሕ የነገሩንን እንጥቀስ። የሱልጣኑ ትንሽ ልጅ ከልጆች ጋር ሲጫወት የአንዱን ልጅ እጅ ሰበረ። ሰዎች ፈርተው ነገሩን ደበቁት። ሱልጣኑ ሲሰሙ ግን ተበዳዩን አስጠሩ። ቤተሰቡ ይቅር ብለናል ቢልም፣ መኳንንቱ ቢለምኑም እምቢ አሉ፤ በገዛ ልጃቸው ላይ ቂሷሱን ፈጸሙ። ከዚያ በኋላ በግዛቱ ጠንካራው ደካማውን ለመንካት ይፈራ ነበር ይላል ትረካው። እኚህ ሱልጣን በኋላ ቀንተውባቸው በተነሱ ዘመዶቻቸው ተገደሉ፤ ወንድማቸው በድላይ ተተኩ። ኪታቧ የምታቆመው በድላይ ገና በሥልጣን ላይ ሳሉ ነው።

አል-መቅሪዚ ሐበሻን አላዩም። ማንም አላዘዛቸውም። ኪታቧም ትንሽ ናት፤ በአንድ ቁጭታ ታልቃለች። ግን እ.ኤ.አ. በ1790 ላይደን ከተማ ላይ ታተመች፤ ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ተመራማሪም ሁሉ ወደ እሷ ይመለሳል። እነዚያን የሐበሻ ሰዎች መካ ላይ የጠየቃቸው ባይኖር የጀማሉዲን ፍትሕ ከተናጋሪዎቹ ጋር አብሮ ይቀበር ነበር።

የጀበርቲው ሸይኽና ሚዛኑ

ከኛው ዘር የሆነ ምሳሌም አለ። በአል-አዝሀር የጀበርት ተማሪዎች የሚኖሩበት ሪዋቅ ነበር፤ ጀበርት ማለት ከኛው አካባቢ የሄዱ ሙስሊሞች ማለት ነው። የሪዋቁ ሸይኽ ከነበሩት አንዱ ሐሰን አል-ጀበርቲ እ.ኤ.አ. በ1774 ያለፉ የፊቅህ ዓሊም ናቸው። ፍቅራቸው ግን በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክና በመለኪያ ላይም ነበር። የሰላት ሰዓት የሚታወቅባቸውን የፀሐይ ሰዓቶች በድንጋይ ላይ እየቀረጹ ይሠሩ ነበር። በካይሮ ገበያ ሚዛን ተዛብቶ ሰው ሲበደል ደግሞ ሚዛኑንና የክብደት መለኪያውን በዕውቀታቸው አስተካከሉ። ሚዛን አጉዳዮች በቁርኣን እንዴት እንደተወገዙ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዕውቀት ክብደት ይረዳል። ይህንን የነገሩን ልጃቸው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲይዙ በዓይናቸው ያዩትን የጻፉት ታላቅ የታሪክ ሰው።

ታዲያ እኛስ?

ወጣቶች ሆይ! ግዴታ የሆነው ዒልም ይቀድማል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ዓሊሞቹም ጽሕፈታቸውን የጀመሩት ቁርኣናቸውንና ፊቅሃቸውን ይዘው ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን አላህ በእያንዳንዳችን ልብ ውስጥ አንድ ጉጉት አኑሯል። አንዱ የድሮ ሳንቲም ያያል፣ አንዷ የአያቷን ስፌት ትመለከታለች፣ አንዱ የመስጊድ ሚናራ ፎቶ ይሰበስባል፣ አንዱ ስለ ንብ ቀፎ ያውቃል። ይህንን ጉጉት አትናቁት፤ የሌላውንም አታሹፉበት።

የሰፈራችን መስጊድ መጀመሪያ የተሠራው በማን መሬት ላይ ነው? የመጀመሪያው ኢማም ማን ነበሩ? ወሎ ላይ ደረሳዎች ኪታብ ሲቀሩ ከመድረሳ ወደ መድረሳ በየት በኩል ይሄዱ ነበር? እነ ሸይኽ ጠልሓ ቢን ጀዕፈር አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የጻፉበትን ዐጀሚ ዛሬ በሰፈራችን ማንበብ የሚችሉ ስንት አዛውንት ቀሩ? ሐረር ውስጥ አቶ ዐብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጉጉታቸው የጀመሩት ስብስብ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፎችን የያዘ ሙዚየም ሆኗል። የጥንቱን የመጽሐፍ አጠራረዝ ሳይቀር መልሰው አንስተውታል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙ። አባባን፣ እማማን፣ ሸይኹን ጠይቁ። የነገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። የሰማችሁትን ከገመታችሁት ለዩ። ለመመስገን ብላችሁ አትጻፉ፤ ኒያችሁን አስተካክሉ። ከአንድ በላይ ቅጂም አስቀምጡ። የፊህሪስት ኪታቦች ያለቁት ጸሐፊ አጥተው አይደለም፤ ጠባቂ አጥተው ነው።

ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የእናንተን ትንሽ ደብተር የሚፈልግ ሰው ይኖር ይሆናል። አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባሳወቀንም ይጥቀመን፤ ላስተላለፉልን ዓሊሞችም ይዘንላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።