የጀርባው ክዳን

አማዞን ኪንድል የተባለውን የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያውን ኖቬምበር 19 ቀን 2007 በ399 ዶላር ለገበያ አወጣ። የተዘጋጀው ሁሉ በአምስት ሰዓት ተኩል ተሸጦ አለቀ። ስለዚያ ቀን ሲወራ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ይኸው ሽያጭ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የመሣሪያው ጀርባ ነው። ጀርባው ጎማነት ያለው ክዳን ነበረው፤ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ካቻቢቴም ሙቀትም ሳያስፈልገው ይነሳል። ከሥሩ ተነቅሎ የሚለወጥ ባትሪና የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ ይታያሉ። እንዲያውም ክዳኑ ሳይፈለግ ይወልቃል እየተባለ ይታማ ነበር። ከ15 ወር በኋላ የመጣው ሁለተኛው ኪንድል ግን ክዳንም ካርድ ማስገቢያም አልነበረውም።

በእነዚህ 15 ወራት ምን ተለወጠ? የተለመደው መልስ «ቴክኖሎጂው ነው ያስገደደው፤ ቀጭን ዕቃ የፈለገ ሰው መታሸጉን ይቀበል» የሚል ነው። መዝገቡን በቅደም ተከተል ላነበበ ሰው ይህ መልስ አያጠግብም። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ሁለት በሮች አሉት፤ አንዱ ወደ ባትሪውና ወደ ውስጥ ዕቃው የሚያስገባው ክዳን፣ ሌላው መጽሐፉ የሚገባበትና የሚወጣበት የፋይል መንገድ። አንዱ ተከፍቶ ሌላው የተዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ሁለቱም የተዘጉበትም ነበር። ማን እንደዘጋቸውና ማን እንደከፈታቸው እንይ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከስክሪኑ ይጀምራል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በኤም አይ ቲ ቤተ ሙከራ የተጠነሰሰው የኤሌክትሮኒክ ቀለም በ1997 ኢ ኢንክ የሚባለውን ኩባንያ አስገኘ። ስክሪኑ በዓይን በማይለዩ ጥቃቅን እንክብሎች የተሞላ ነው። በየእንክብሉ ውስጥ ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ነጭና ጥቁር ብናኞች ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪኩ ነጩን ወደ ላይ ከሳበው ቦታው ወረቀት ይመስላል፤ ጥቁሩን ከሳበው ፊደል ይሆናል። ብናኞቹ አንዴ ከተቀመጡበት ስለማይነቃነቁ ኃይል የሚፈጀው ገጽ ሲገለጥ ብቻ ነው። እንደ ስልክ በየማታው ቻርጅ የማይጠይቅ ዕቃ ባትሪውም እንደ ስልክ ቶሎ አይደክምም። በባሕርዩ ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል መሣሪያ ነው ማለት ነው።

ይህን ስክሪን ይዞ ቀድሞ ገበያ የገባው ሶኒ በኤፕሪል 2004 በጃፓን ያቀረበው ሊብሪዬ ነው። የሚሠራው በአራት የሪሞት ባትሪ ነበር። ባትሪው ሲያልቅ ከሱቅ ገዝቶ መቀየር እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። የመጽሐፉ በር ግን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ ነበር፤ ከሶኒ መደብር የወረደ መጽሐፍ 60 ቀን ካለፈው አይከፈትም። አንባቢው ገዛሁ ያለው የሁለት ወር ኪራይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ስክሪን የያዘው የመጀመሪያው ማንበቢያ እንግዲህ ሆዱ ክፍት፣ አፉ የተለጎመ ነበር።

ልጓሙን ማላላት የጀመረው አምራቹ አልነበረም። ሶኒ በ2006 ፒ አር ኤስ 500 የተባለውን ማንበቢያ አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ፣ መጽሐፍ የሚጫንበት ሶፍትዌር የተሠራው ለዊንዶውስ ብቻ ነበር። በካልቴክ ተማሪ የነበረው ኮቪድ ጎያል ኮምፒውተሩ በሊኑክስ ስለሚሠራ የገዛው ማንበቢያ አልታዘዝ አለው። በዩኤስቢ ገመዱ የሚተላለፈውን ምልልስ አጥንቶ በኦክቶበር 2006 የራሱን ፕሮግራም ጀመረ። ይህ ፕሮግራም በ2008 ካሊበር ተባለ። እስከ ዛሬ በነፃ የሚታደል፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ አንዱን የመጽሐፍ ፎርማት ወደ ሌላው የሚገለብጥ መሣሪያ ነው። ሲጀመር የተፈለገው አንድ ሰው በገዛ ማንበቢያው ላይ የገዛ ፋይሉን እንዲጭን ብቻ ነበር።

ከዚያ 2009 መጣ፤ በዚያው ዓመት ሁለቱም በሮች ተዘግተው ታዩ። በፌብሩዋሪ ኒው ዮርክ ላይ ይፋ የተደረገው ሁለተኛው ኪንድል ውፍረቱ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ከታላቁ በግማሽ ያህል የቀጠነ ነበር። ባትሪው ታሽጎ ተቀመጠ። ሲደክም መሣሪያውን ለኩባንያው መላክ ነበር እንጂ ባለቤቱ በራሱ እንዲቀይረው አልታሰበም። በጁላይ ደግሞ ማንበቢያቸውን የከፈቱ ደንበኞች የገዟቸውን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት፣ «1984»ን እና «አኒማል ፋርም»ን፣ አጧቸው። መጻሕፍቱን በመደብሩ ያቀረበው አሳታሚ በአሜሪካ የማሳተም መብት አልነበረውም። አማዞን ይህን ሲያውቅ ገንዘቡን መልሶ፣ ቅጂዎቹን ከየሰዉ ማንበቢያ በርቀት ሰረዘ። የሚቺጋን ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ልጅ ለትምህርት ቤት ሥራው በ«1984» ላይ ማስታወሻ ሲጽፍ ቆይቶ ነበር፤ ማስታወሻው ቀረለት፣ የተጻፈበት ገጽ ግን ስለሌለ ምንነቱ የማይገባ ቁርጥራጭ ሆነ። የኩባንያው መሥራች ጄፍ ቤዞስ በዚያው ወር በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ልጁ የከሰሰበት ጉዳይ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው 150,000 ዶላር ለመክፈልና ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር የገዢን መጽሐፍ በርቀት ላለመሰረዝ ተስማማ። መሰረዝ የሚችለው እጅ ግን ከዚያ በኋላም በቦታው ነበር፤ ስምምነቱ የገደበው መቼ እንደሚዘረጋ ነው።

«ቴክኖሎጂው አስገደደ» የሚለውን መልስ የሚፈትን ማስረጃም የሚገኘው በዚሁ ዓመት ነው። የመጻሕፍት ሻጩ ባርንስ ኤንድ ኖብል በ2009 መጨረሻ ያወጣው ኑክ የተባለ ማንበቢያ ስክሪኑ እንደ ኪንድል የኢ ኢንክ ነበር፤ የሚሸጠው በዚያው ገበያ፣ ለዚያው አንባቢ ነው። የኑክ ጀርባ ግን ይከፈት ነበር፤ ባትሪውን ባለቤቱ ይቀይራል፣ ማይክሮ ኤስ ዲ ካርድም ያስገባል። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይነት ስክሪን፣ አንዱ አሸገ፤ ሌላው ክዳኑን ተወው። ቅጥነት ምክንያት ነበር ቢባል እንኳ፣ መርጠው የወሰዱት ምክንያት ነበር።

ቀጣዩ ክፍተት ሳይታሰብ የተገኘ ነው። የካናዳው ኮቦ ከ2011 ጀምሮ ባወጣቸው በርካታ ሞዴሎች ሶፍትዌሩን በቦርዱ ላይ በተበየደ ቺፕ ፈንታ ውስጥ በተሰካ ተራ ማይክሮ ኤስ ዲ ካርድ ላይ አስቀምጦ ነበር። ጀርባውን በጥፍር ወይም በቀጭን ፕላስቲክ ፈልቅቆ የከፈተ ሰው የሚያገኘው ስልኩ ውስጥ የሚያውቀውን ዓይነት ካርድ ነው። ካርዱን ነቅሎ በኮምፒውተር ገልብጦ በሌላ ካርድ ይተካዋል፤ ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ የሞተ የተባለው ማንበቢያ ይነሳል፤ በዚያው ዕድል ሰፋ ያለ ካርድ ያስገባለታል። ኮሬይደር የሚባለው ነፃ የንባብ ሶፍትዌርም ያለ ችግር የገባው በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ነው። ኪንድል ላይ ለመጫን መጀመሪያ የኩባንያውን ጥበቃ መስበር ይጠይቃል፤ ኮቦ ላይ ፋይሎቹን በዩኤስቢ መገልበጥ ይበቃል።

ሁሉም ብልሽት ግን እንደ ካርዱ አይቀልም። ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ስስ ብርጭቆ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ጫን ሲባል ይሰነጠቃል፤ ከመሣሪያው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም እሱ ነው። በ2010 እና በ2011 ዎርልድሪደር የተባለው ድርጅት በጋና ትምህርት ቤቶች 600 ያህል ኪንድል አከፋፍሎ ነበር። የሙከራው ግምገማ እንደመዘገበው ከአሥሩ አራቱ ገደማ ተሰበሩ። ስክሪን መቀየርም የራሱ ወግ አለው። በብዙ ሞዴሎች ከስክሪኑ በሚወጣው ጠፍጣፋ ሪቦን ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ፣ ከዜሮ በታች የሆነ የቮልት ቁጥር ተጽፎባት ይገኛል። ቁጥሩ የዚያ ስክሪን ብቻ ልክ ነው። ጠጋኙ አዲሱን ስክሪን ገጥሞ የአሮጌውን ቁጥር እንዳለ ከተወው ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ያለፈው ገጽ ጥላም ሳይጠፋ ይቀራል። ቁጥሩን የሚያስተካክለው ሶፍትዌሩን መንካት የተፈቀደለት ሰው ነው። ካቻቢቴ ይዞ ጀርባውን የከፈተ ሰው እዚህ ሲደርስ ሁለተኛውን በር ያንኳኳል።

የግዕዝ ፊደል አንባቢም ይህን በር ያውቀዋል። የግዕዝ ፊደል የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ በሆነው በዩኒኮድ የተመዘገበው ከሦስተኛው እትም ጋር፣ በሴፕቴምበር 1999 ነው። ኢፐብ የሚባለው የዛሬው የመጽሐፍ ፎርማት አባት የሆነው ክፍት የመጽሐፍ መስፈርት የመጀመሪያ እትሙን ያወጣውም በዚያው ወር ነበር። ስለዚህ በዩኒኮድ የተመዘገበው የአማርኛ ፊደልና ክፍት የመጽሐፍ ፋይል ዕድሜያቸው እኩል ነው። መሣሪያዎቹ ግን የግዕዝ ፎንት ይዘው አልመጡም፤ ፎንት የሌለው ማንበቢያ ደግሞ አማርኛውን የባዶ ሳጥን ሰልፍ አድርጎ ያሳያል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ፎንቱን በኢፐቡ ውስጥ አብሮ መላክ፣ ወይም አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልን የመሰለ ነፃ ፎንት በማንበቢያው ላይ መጫን። ኮቦ ላይ አንድ ፎልደር ፈጥሮ ፎንቱን መገልበጥ በቂ ሆኖ ሳለ፣ ኪንድል ለተጠቃሚው ይህን የፈቀደው በ2018 ነው። እስከዚያ ድረስ የአማርኛ ገጽ መነበቡ በፋይሉ አዘጋጅ ትጋት ወይም የኪንድልን ጥበቃ በሚሰብሩ ሰዎች ብልሃት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ከ2024 ወዲህ ሁለቱ በሮች በተቃራኒ አቅጣጫ መንቀሳቀስ ጀመሩ። በኤፕሪል 2024 ኮቦ ሦስት አዳዲስ ማንበቢያዎችን ሲያስተዋውቅ፣ ከአሜሪካው የጥገና ኩባንያ ከአይፊክሲት ጋር ሆኖ የጥገና መመሪያና መለዋወጫ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። የአውሮፓ ኅብረት ቀደም ብሎ በ2023 ያጸደቀው የባትሪ ደንብ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃ ውስጥ ያለን ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ከገበያ በሚገዛ መሣሪያ፣ ያለ ሙቀትና ያለ ማሟሚያ ኬሚካል፣ ነቅሎ እንዲቀይረው ያስገድዳል። መለዋወጫ ባትሪውም ሞዴሉ መሸጥ ካቆመ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት መገኘት አለበት። የ2007ቱ ክዳን በሕግ ተመልሶ መጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንጻሩ አማዞን ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2025 የገዙትን መጽሐፍ በኮምፒውተር አውርዶ በዩኤስቢ ወደ ኪንድል የመገልበጥን አማራጭ አነሳ። ባትሪው ወደ ባለቤቱ እጅ ሲመለስ ፋይሉ ከእጁ ራቀ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳየው ያው የመጀመሪያው ኪንድል ነው። ዋይፋይ አልነበረውም፤ ከመደብሩ ጋር የሚገናኘው በስልክ ኔትወርክ ነበር። የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች 3ጂን ሲያጠፉ ያ መስመር ተቋረጠ፤ የዩኤስቢው አማራጭ ሲነሳ ደግሞ ከመደብሩ የተገዛ መጽሐፍ ሊገባበት የሚችልበት የመጨረሻ መንገድ አለቀ። ዕቃው ግን አልሞተም። ክዳኑን በአውራ ጣት ገፍቶ ባትሪ የቀየረለት ሰው ያበራዋል፤ በገመድ አገናኝቶ በካሊበር የተገለበጠ፣ ቁልፍ የሌለበት ፋይል ከሰጠው ያነባል። ሻጩ ትቶት የሄደ መሣሪያ እስካሁን የሚቀበለው ከመነሻው ሳይቆለፍ የቀረውን መጽሐፍ ነው።