የጋይንቷ ቤተልሔም

ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ ገና ጽፋችሁ አምጡ በተባልን ቁጥር ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ላሊበላ ነበር። ማሜ ጋራ፣ ቤዛ ኩሉ፣ ነጭ የለበሱ ካህናት። አያስወቅስም፤ ያምራል። ዜማው የሚለካበትን ስፍራ ለሚፈልግ ሰው ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ወደ በጌምድር ይወስዳል።

መካነ ኢየሱስ የእስቴ ከተማ ናት። ስሟ ግዕዝ ነው፤ «የኢየሱስ ስፍራ» ማለት ነው። ከእስቴ ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩ ጋይንት ይገኛል፤ በጋይንት ደግሞ ቤተልሔም አለች። የዚያ አገር ሰው የልደትን ታሪክ ከነስሙ መሬቱ ላይ ተክሎታል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የቆሎ ተማሪ ድጓን በየትም ደብር ሊማር ይችላል። በድጓ መምህርነት ለመታወቅ ግን ቤተልሔም ሄዶ መመስከር አለበት። የድጓ ምስክር ቤት የምትባለውም ስለዚህ ነው። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት እየተባሉ ከሚጠሩት የዜማ ስልቶች መካከል ይበልጥ የተስፋፋው የእሷው ነው። ድጓው ራሱ በ6ኛው መቶ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ከፊደሉ በላይ የሚሰፈሩት ምልክቶች ግን የቅርብ ናቸው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሯቸው ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የፈረንጅ ኖታ ማንበብ የሚችል ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀት አንስቶ ሊጫወተው ይችላል። የድጓ ምልክት ግን ከመምህሩ አፍ ለሰማ ሰው የተጻፈ ማስታወሻ ነው፤ ላልሰማው ዝም ይላል። መጽሐፉ በሙዚየም ቢቀመጥ፣ ፎቶግራፍ ቢነሳ፣ መምህሩና ደበሎ ለብሶ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው ልጅ ከሌሉ የተረፈው ብራና ብቻ ነው። በከተማ ስለ ቅርስ ስንነጋገር ስለ ሕንፃና ስለ ብራና እንጂ ስለዚያ ልጅ ራት አንነጋገርም። ይህ እኔን ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ሕንፃውም ቢሆን የራሱ ወግ አለው። በ1955 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት የነገሥታቱ ልጆች ይታሰሩበት የነበረውን ተራራ ፍለጋ በዚያ አገር ሲዞር ቤተልሔም ደረሰ። ከውጭ ሲታይ እንደ ብዙው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ የሣር ክዳን ነበር። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ጎጆውን እንደ ካባ ደርቦ ቆሞ አገኘው። ይህንንም በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ተረከው። ካህናቱ መቼም ከጥንቱም ያውቁት ነበር።

ስሙስ? ቤተልሔም «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ግቢ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ቤተልሔም መባሏ ከዚሁ የተነሣ ነው። በየሰፈራችን አንዳንድ ቤተልሔም አለ ማለት ነው።

ከቅዳሴ በኋላ የሜዳው ተራ ይመጣል። ቆልማማ ዱላና ሩር ይዞ የሚወጣው ጎረምሳ የሚያወርደው ግጥም ባላባቱንም አይምርም፤ በዚያ ቀን ጌታ አይቆጣምና። ለዚህኛው ዘፈን ምልክት የሠራለት አዛዥ የለም። እንደ እኔ እንደ እኔ ከካህናቱ ዜማ ይልቅ የሚያሰጋው እሱ ነው።

ስለ ቀኑም አንድ ነገር ልጨምር። ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት 9 ወር ከ5 ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ስለሚተርፍ በሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ ልደት በ28 ይውላል፤ ጾመ ነቢያትም ከ44 ቀን ወደ 43 ይወርዳል። በ2012ና በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ከተሜው ግን በየአራት ዓመቱ «ዘንድሮ በ28 ነው በ29?» እያለ በየቡና ቤቱ እንደ አዲስ ይከራከራል።