የማይገታ (ቅጽል)

«የማይገታ» ሊያስቆሙት ወይም ሊይዙት የማይቻል ነገርን የሚገልጽ የአማርኛ ቅጽል ነው። የሚወጣው «ገታ» ከሚለው ግሥ ነው። ግሡ ፈረስን በልጓም መያዝን፣ ውኃን በእርከን ወይም በግድብ ማገድን፣ ቁጣንና ምኞትን መቆጣጠርን ያመለክታል። የቅርብ ዘመዶቹ «የማይበገር»፣ «የማይቀር»፣ «የማይቀለበስ» እና «የማይነጥፍ» ናቸው።

አፈጣጠር

ቅጽሉ የሚገኘው «አይገታም» በሚለው አሉታ ላይ «የም-» ተጨምሮ መጨረሻው «-ም» ሲወድቅ ነው። ከስሙ ቀድሞ ይገባል፤ በጾታና በቁጥርም ከስሙ ጋር ይስማማል፦ የማይገታ ጎርፍ፣ የማትገታ ፈረስ፣ የማይገቱ ስሜቶች። ስሙ የታወቀ ሲሆን «-ው» የሚያርፈው በቅጽሉ ላይ ነው፤ «የማይገታው ጎርፍ» ይባላል።

የኃላፊ ጊዜ አቻው «ያልተገታ» ነው። «ያልተገታ ጎርፍ» እስካሁን ያስቆመው የለም ማለት ብቻ ነው፤ «የማይገታ ጎርፍ» ግን ማንም አያስቆመውም ብሎ ይፈርዳል። ፊተኛው ያለፈውን ይናገራል፤ ኋለኛው ስለሚመጣውም ቃል ይገባል።

አነባበብ

የግእዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ «የማይገታ» ሁለት ንባብ አለው። «ገ» እና «ታ» ጠብቀው ሲነበቡ ቃሉ ተገብሮ ነው፤ የሚያስቆመው የሌለ ማለት ይሆናል። ላልተው ሲነበቡ ደግሞ ማስቆም የማይችል ማለት ነው። ስለዚህ «ጎርፍ የማይገታ ግድብ» እና «ግድብ የማይገታው ጎርፍ» በሚሉት ሐረጎች ቃሉ ላልቶ ይነበባል፤ «የማይገታ ጎርፍ» በሚለው ግን ይጠብቃል። በጽሑፍ ትርጉሙን የሚለየው ዐውዱ ብቻ ነው።

የአቻዎቹ ድርሻ

ቅጽሎቹ በትርጉም ቢቀራረቡም እንደልብ አይለዋወጡም። «የማይበገር» ለሰው፣ ለሠራዊትና ለምሽግ ይሆናል። «የማይቀር» ጊዜ ጠብቆ ለሚመጣ ነገር፣ ከሁሉ በላይ ለሞት ይነገራል። «የማይቀለበስ» የውሳኔና የለውጥ ቃል ነው፤ በመግለጫና በዜና ይበዛል። «የማይነጥፍ» ለምንጭ፣ ለወተትና ለልግስና ይውላል። ለደምና ለዝናብ የተለመዱት «የማይቆም» እና «የማያባራ» ናቸው።

አጭሩ ቅርጽ

ከዚሁ አሉታ «አይ-» በመነሻ፣ «-ኤ» በመድረሻ ሆነው የሚገኙ አጫጭር ቅጽሎች አሉ፦ አይበገሬ፣ አይቀሬ፣ አይደፈሬ፣ አይነኬ፣ አይተኬ። እነዚህ እንደ ስምም ያገለግላሉ፤ «አይበገሬዎቹ» ተብሎ ብቻውን ይቆማል። በስፖርት ዘገባና በውዳሴ ይዘወተራሉ። ከሁሉም ግሥ ግን አይወጡም፤ ለ«ገታ» የተለመደው ረጅሙ «የማይገታ» ነው።

የውዳሴው ቃል ዕድሜው የተወሰነ መሆኑን የሯጩ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ያሳያል። ኃይሌ በ10,000 ሜትር እ.ኤ.አ. በ1993፣ 1995፣ 1997 እና 1999 የዓለም ሻምፒዮና፣ በ1996 እና 2000 ደግሞ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል። በእነዚያ ዓመታት «አይበገሬ» ቢባል የሚከራከር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 በኤድመንተን ግን ሦስተኛ ወጣ፤ ወርቁንም ኬንያዊው ቻርልስ ካማቲ ወሰደ።

በግሥ መግለጽ

አማርኛ ተናጋሪ በዕለት ንግግሩ ከቅጽሉ ይልቅ ግሥ ይመርጣል። «የማይገታ ሳቅ ሳቀ» ከማለት «ሳቁ አመለጠው» ይላል። በጣም የተለመደው አነጋገር «አልቆም አለ»፣ «አላባራ አለ»፣ «አልገታ አለ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ዝናቡ ወይም እንባው በአንደኛ መደብ እንደ ሰው እምቢታውን ይናገራል። አባባሉ የአሁኑን እምቢታ ይገልጻል እንጂ ነገሩ ለዘለዓለም አይቆምም አይልም።

አጠቃቀሙ በቡሹሎ

በ«ያልተገታ» እና በ«የማይገታ» መካከል ያለው ልዩነት በተግባር የሚታይበት አንዱ ቦታ ቡሹሎ ነው፤ ቡሹሎ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኝ የሐዋሳ ከተማ አካባቢ ነው። የሐይቁ ውኃ በገጸ ምድር የሚወጣበት መፍሰሻ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ነው። የሚገባው ውኃ በትነትና በስርገት ከሚሄደው ሲበልጥ ሐይቁ ይሞላል፤ ከተማዋን ለመከላከልም በዳርቻው ግድብ ተሠርቷል። «ያልተገታ ሙላት» የሚለው ሐረግ የሐይቁን ሁኔታ ሲገልጽ፣ «የማይገታ ሙላት» የሚለው ግን በላይኛው ተፋሰስ የሚሠራውን እርከንና የዳርቻውን ግድብ ከወዲሁ ከንቱ ያደርጋል። ግድብ ከፍ ማድረግ፣ ደለል መቀነስና ከዳርቻው ርቆ መሥራት የሚቻል እስከሆነ ድረስ ትክክለኛው ቃል ፊተኛው ነው።

ቡሹሎ የሚታወቀው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ባለው፣ እናቶችንና ሕፃናትን በሚያገለግለው ጤና ጣቢያም ነው። የ«ያል-» እና የ«የማይ-» ልዩነት በየትኛውም ማዋለጃ ክፍል ይመዘናል። እናት ከወለደች በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ከፈሰሳት በተለምዶ ከመጠን ያለፈ ደም መፍሰስ ይባላል። ቤተሰብ «ደሟ አልቆም አለ» ይላል። አዋላጇ ማህፀኑን ታሻለች፤ ማህፀኑ እንዲኮማተር ኦክሲቶሲን ትሰጣለች፤ እንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ መውጣቱንም ታያለች። «ያልቆመ ደም» ሥራ እንዲቀጥል ይጠራል፤ «የማይቆም ደም» ግን ተስፋ መቁረጥን ያስከትላል።

የአጠቃቀም ጥንቃቄ

ቅጽሉ በመግለጫና በማስታወቂያ ሲበዛ ኃይሉን ያጣል፤ «የማይገታ ጉዞ» እና «የማይገታ ዕድገት» አንዳች አይጨምሩም። ለማስቆም የተሞከረና ያልተሳካ ነገር ሲኖር «ያልተገታ»፣ ሙከራው ገና በሂደት ላይ ሲሆን «አልገታ ያለ» ይስማማል። «የማይገታ» መቆየት ያለበት በተፈጥሮው ሊያስቆሙት ለማይቻል ነገር፣ ለምሳሌ ለጊዜ መንጎድ ነው።