ተዝካር በጀበል

ጁባ ውስጥ ጀበል የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ከሚታየው ከኩጁር ተራራ ነው፤ ጀበል በዓረብኛ ተራራ ማለት ነውና።  

እዚያ ለሚኖር ሐበሻ ከአገር ቤት ተደውሎ «የአያትህ ሰባት ዓመት ደርሷል፤ ተዝካራቸውን እናውጣ» ቢባል፣ ነገሩን ለጎረቤቱ ለማስረዳት ብዙ አይቸገርም። የሱዳን ዓረብኛ ተናጋሪም መታሰቢያን «ዚክራ» ይላል። ሥሩ አንድ ነው፤ ዘከረ፣ ማለትም አሰበ። የጽሑፍ ዓረብኛ የመጀመሪያውን ድምፅ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ ያወጣዋል፤ ግእዝና ዕብራይስጥ «ዘ» ሲያደርጉት ሶርያውያን «ደ» አደረጉት። ስለዚህ የእኛ ዝክርና የሶርያ ቤተ ክርስቲያን «ዱክራና» ወንድማማች ናቸው። ዘካርያስም እግዚአብሔር አሰበ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የጥንቷ ሜሶጶጣምያ ቋንቋ፣ አካድኛው ነው። በአካድኛ «ዘካሩ» መናገር፣ ስም መጥራት ነው። ዓረብኛውም እስከ ዛሬ ማሰብንና ማንሳትን በአንድ ግሥ ይይዛል። ያለ ስም መዘከር የለም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ተዝካር ያወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ቄሱ በፍትሐቱ የሚጠሩት የሟቹን የክርስትና ስም ነው። የልጅ ልጅ ግን አያቱን የሚያውቀው «አባባ» ብሎ ነው። (አያትን ፊት ለፊት «አያት» ብሎ የሚጠራ አለ? ቃሉ ስለ እሳቸው ለማውራት እንጂ እሳቸውን ለመጥራት አይሆንም።) የክርስትና ስማቸው ወልደ ሚካኤል ይሁን ወልደ ማርያም፣ ጀበል ያለው ልጅ የሚሰማው ምናልባት ያን ቀን በስልክ ነው።  

ትዝታን ከተዝካር ጋር የሚያምታታ አይጠፋም፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። «ትዝ አሉኝ» ስንል ሠሪው አያታችን ናቸው፤ እኛ ተደራጊ ነን። ሳንጠራቸው መጡ። ቡና ሲፈላ፣ ዝንጅብል ሲሸት፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ ሲያልፍ። ተዝካር ግን ሠሪ ይፈልጋል። ግሡም ማውጣት ነው፤ ተዝካር ይወጣል እንጂ አይመጣም። እህሉ ከጎተራ፣ ጠላው ከጋን፣ ዛሬ ደግሞ ገንዘቡ ከጁባ በሐዋላ። ሐዋላም እንግዲህ ዓረብኛ ነው፤ ከቦታ ቦታ ማዛወር። ሰልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እያለ የሚቆጠረው ይህ ሥርዓት ድሀን ያራቁታል ተብሎ ሲነቀፍ ኖሯል፤ ነቀፌታውም ሐሰት አይደለም። ሆኖም ድግሱ ቢያንስም እንኳ የሟቹ ስም መነሳት አለበት፤ ቃሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

የቃላታችን መዝገብ ራሱ እንደ ተዝካር የወጣ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ፤ አለቃም ዕድሜያቸውን ሰጥተውት ሳይታተም አረፉ። ለኅትመት ያበቁት የአለቃ ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው፤ ለክፍለ ጊዮርጊስ በትምህርት የልጅ ልጅ መሆናቸው ነው። «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያወጡት ዘግይተው፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። ያንን የፊተኛውን መጽሐፍ ግን በመምህራቸው ስም አወጡት።